በበረዶው ዳር ዛፍ ነበር

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ሰኔ ነው። በሽኝቱ ቀን ባልደረቦቼ ካባ አለበሱኝ፣ ስለ ትዕግሥቴ ተናገሩ፣ ኬክ ቆረስን። ከተናገሩት መካከል በትክክል ምን ስሠራ እንደኖርኩ የጠቀሰ አልነበረም። አልፈርድባቸውም። ዲላ ተቀምጦ፣ ቡናና እንሰት በሚበቅልበት አገር፣ ስለ በረዶ ዘመን ሲመራመር የኖረን ሰው ሥራ ማስረዳት ይከብዳል። ባለቤቴ አስቴር እንኳ ሰው ሲጠይቃት "ድንጋይ ያሟሟል" ብላ ነው የምታልፈው። እውነቷን ነው። ድንጋይ በአሲድ አሟሙቼ፣ ከውስጡ የተረፈውን በማይክሮስኮፕ እያየሁ፣ ምድሪቱ ያኔ ምን ትመስል እንደነበር ለማወቅ ስሞክር ኖሬያለሁ።

አሁን ላቦራቶሪው የኮምፒውተር ክፍል ሆኗል። ቁልፉን ካስረከብኩ ወዲህ ይህን መጻፍ አማረኝ። የምጽፈው ግን ስለ ራሴ ብቻ አይደለም። ሥራውን ስላስተማሩኝ ስለ ዶክተር ዘነበችም ነው።

ስሜ ታሪኩ ነው፤ የተወለድኩት ይርጋጨፌ አጠገብ ዱመርሶ ነው። አባቴ ቡና ገበሬ ነበር፤ ከተማርኩ አይቀር የእርሻ ባለሙያ ሆኜ እንድመለስለት ይፈልግ ነበር። እኔ ግን ጂኦግራፊ ተማርኩና ኮቸሬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። እዚያ ስለ ሰሜንና ስለ ደቡብ ዋልታ በካርታ አስተምር ነበር። ከዝናብ ጋር ከሚወርደው በረዶ ሌላ በረዶ አይቼ አላውቅም፤ ተማሪዎቼም እንደዚያው። የእኛ አገር ሁልጊዜም ሞቃት ነበር ብዬ ያስተማርኩበትን ክፍል እስከዛሬ አስታውሰዋለሁ። ማንም አልተከራከረኝም።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው የላቦራቶሪ ረዳት ይፈልጋል ሲባል አመለከትኩ። ደመወዙ ከአስተማሪነቱ ብዙም አይሻልም ነበር፤ ከተማ መግባቱ ግን ለአስቴር ደስታ ሆነላት። በመጀመሪያው ቀን የቀረብኩት ዶክተር ዘነበች ዘንድ ነው። የወሎ ሰው ናቸው፣ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። አዲስ አበባ የተሻለ ቦታ ትተው እንደመጡ ይወራ ነበር። በኋላ ለምን ዲላን እንደመረጡ ስጠይቃቸው፣ ዝናቡን ወድጄው ነው ብለው አሳጠሩት።

ያን ቀን ስለ ትምህርት ማስረጃዬ ምንም አልጠየቁኝም። ሁለት ቁራጭ ደረቅ ጭቃ ሰጡኝና በፊት ጥርሴ ቀስ አድርጌ እንድነክሳቸው አዘዙኝ። አንደኛው ተንኮሻኮሸ። ሌላው እንደ ቅቤ ለሰለሰ። የተንኮሻኮሸውን የሚሮጥ ውሃ ያመጣው፣ የለሰለሰውን ደግሞ የተኛ ውሃ ቀስ እያለ ያስቀመጠው መሆኑን ነገሩኝ። ሐይቅና ወንዝ ከጠፉ በኋላም በጥርስ ሊለዩ እንደሚችሉ የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው። ወደ ቤት ስሄድ አፌ ውስጥ ገና አፈር ነበር።

ብዙ ልማድ ነበራቸው። ማይክሮስኮፕ ስር ያየሁትን ነገር ቶሎ ስም እንድሰጠው አይፈቅዱም፤ መጀመሪያ በእርሳስ ሣለው ይሉኛል። አንዴ ስም ከሰጠኸው በኋላ ስሙን እንጂ እሱን አታየውም ነበር ምክንያታቸው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ በጾም ቀን ደግሞ አሲድ አይነኩም፣ እኔንም አያስነኩም። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት ብላቸውም አይሰሙኝም ነበር። በባዶ ሆድ የራሳቸውን እጅ አያምኑትም፤ እኔ ደግሞ ብቻዬን እንድሠራ አይፈልጉም። እነዚያን ቀናት ስላይድ የሚባሉትን የማይክሮስኮፕ መስታወቶች በማጽዳትና በመሣል አሳለፍናቸው። ዛሬ ሳስበው ሙያውን ከሁሉ በላይ የተማርኩት በእነዚያ ቀናት ነው።

የሳቸው ጥያቄ አንድ ነበር። ከሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዛሬዋ ኢትዮጵያ ከደቡብ ዋልታ ብዙ ሳትርቅ ነበረች፤ ሰሜኑን ክፍል ግግር በረዶ ሸፍኖት ነበር። ይህን የሚጠራጠር አልነበረም፤ በረዶው አለቱን ጭሮት አልፏልና። ዶክተር ማወቅ የሚፈልጉት በበረዶው ዳር ምን እንደነበረ ነው። ያኔ የምናውቃቸው ባለሙያዎች አብዛኞቹ ባዶ ድንጋይና ጭቃ ነበር፣ ቢበዛ ሣር መሳይ ነገር ይሉ ነበር። ዶክተር ግን በረዶው እየቀለጠ በሠራቸው ሐይቆች ዳር ዛፍ እንደነበረ ያምኑ ነበር። ያምኑ ነበር እንጂ ማስረጃ አልነበራቸውም።

ማስረጃው ሊገኝ የሚችለው ከብናኝ ነው። ዛፎች ለመራባት በነፋስ የሚለቁት፣ ፈረንጆቹ ፖለን የሚሉት ብናኝ፣ ሐይቅ ውስጥ ወርዶ ጭቃ ከሸፈነው ዛፉ ራሱ በስብሶ ካለቀ በኋላም ይኖራል። ጭቃው ድንጋይ ይሆናል፤ ብናኙ ውስጡ እንደተቀበረ ይቀራል።

አንድ ጊዜ አብረን ትግራይ ሄድን። በረዶ የጫረውን አለት በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። ረጃጅም ቀጥ ያሉ ጭረቶች፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። በላዩ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ገብሳቸውን አስጥተዋል። ምን እንደምንፈልግ ጠየቁን። ዶክተር ድሮ እዚህ ቦታ ከተራራው የሚበልጥ በረዶ እንደነበረ ነገሯቸው። ሽማግሌው ፀሐዩን በእጃቸው ከልለው ዙሪያውን አዩና መቼ እንደሆነ ጠየቁ። ሰው ሳይፈጠር ነው ተባሉ።

"እንግዲያው ማን አይቶ ነገረሽ፣ ልጄ?" አሏቸው።

ዶክተር ሳቁ። ምስክር ለመፈለግ እንደመጡ ነገሯቸውና ከጭረቱ በላይ ካለው ጥቁር ጭቃማ ድንጋይ መቁረጥ ጀመርን። አየር የነካው የላይኛው ቅርፊት ተጠርቦ ይጣላል፤ ንጹሑ ውስጡ ይጠቀለላል። የተወሰኑትን ቁራጮች፣ ላልታሰበ ነገር ብለው፣ አየር እንዳይነካቸው የቀለጠ ሻማ እንድቀባቸው አዘዙኝ።

ድንጋይ ማሟሟት ትዕግሥት ይፈልጋል። እንደ ሽምብራ አድርገህ ትሰብረዋለህ። መጀመሪያ ኖራውን የሚበላ አሲድ፣ ቀጥሎ ድንጋዩን ራሱን የሚበላ አሲድ ታፈስበታለህ። ሁለተኛው መስታወትም ስለሚበላ ሥራው ሁሉ በፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ቆዳ ላይ ካረፈ ደግሞ እስከ አጥንት ይዘልቃል። ከዚያ ማጠብ ነው፤ ውሃው አሲድነቱ እስኪጠፋ ደጋግሞ ማጠብ። በመጨረሻ በጣም ቀጭን ወንፊት ላይ የሚቀረው ጥቁር ዝቃጭ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ለቀናት ከተደከመበት ድንጋይ የሚገኘው ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ውስጡ ምንም የለም።

ብናኞቹን ያገኘናቸው በበጋ ነበር። ማይክሮስኮፓችን ያረጀ ስለነበር ብናኝ በደንብ እንዲታይ ስላይዱን በቀይ ቀለም እንነክረው ነበር። ያን ቀን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። እንደ አይጥ ራስ ያለ ክብ ነገር፣ ግራና ቀኙ ሁለት ጆሮ። ጆሮዎቹ አየር የሚይዙ ከረጢቶች ናቸው፤ ብናኙ በነፋስ ሩቅ እንዲሄድ ያንሳፍፉታል። እንዲህ ያለ ብናኝ የሚያወጣው ዛፍ ነው። ሣልኩት። ዶክተር ሥዕሉን አዩ፣ ማይክሮስኮፑን አዩ፣ ከዚያ ወንበሩን ስበው ቁጭ አሉ። ሌሎችም ነበሩ፤ በየስላይዱ ሁለት ሦስት።

ዶክተር ግኝቱን አዲስ አበባ በተደረገ የሙያ ስብሰባ ላይ አቀረቡ። የኔንም ስም ከስማቸው ቀጥሎ አስገቡት። ተጨበጨበላቸው። ዲላ ስንመለስ ኃላፊዎች ቢሯቸው ጠርተው አመሰገኑን፤ ከዚያ በፊት መኖራችንንም የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር። አባቴ ከዱመርሶ በግ ይዞ መጣ። እኔም ወዲያው ትምህርቴን ቀጥዬ አስተማሪ እንድሆን ተፈቀደልኝ።

ውድቀቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ለክፍል ማሳያ ሳዘጋጅ። ተማሪዎቼ የዛሬ ዛፍ ብናኝ ምን እንደሚመስል እንዲያዩ ብዬ ከግቢው ዝግባ ላይ ጥቂት ወሰድኩ። ላቦራቶሪው መስኮት ፊት ለፊት የቆመ ትልቅ ዝግባ ነበር። ብናኙን በዚያው ቀይ ቀለም ነከርኩና አየሁት። ሁለት ጆሮ። የቆዳው ዝንጉርጉርነት፣ የጆሮው አጣባበቅ፣ ሁሉም አንድ ነበር። ሥዕሌን አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩት። የሣልኩት ይህንኑ የዝግባ ብናኝ ይመስል ነበር።

የመስኮቱ አንድ መስታወት ተሰብሮ ካርቶን ለጥፈንበት ነበር፤ ለማስቀየር ያቀረብነው ጥያቄ ግዢ ክፍል ገብቶ አልወጣም። ወንፊቶቹን ስናደርቅ እዚያው አጠገብ እናስቀምጣቸው ነበር። ከእያንዳንዱ ድንጋይ ጎን ድንጋይ የሌለበት ባዶ ናሙና መሥራት፣ ባዶው ውስጥ ብናኝ ከተገኘ ከውጭ እንደገባ ማወቅ፣ ዛሬ ለተማሪ ሁሉ የምናስተምረው ነገር ነው። ያኔ አሲዱ ውድ ስለነበር ሁለታችንም ተስማምተን ዘለልነው።

ንጹሕ ውሃ በሰሃን አድርጌ መስኮቱ አጠገብ ለጥቂት ቀናት ተውኩት። ሳየው የዝግባ ብናኝ ሞልቶበታል።

ለዶክተር ለመናገር አልዘገየሁም። ሰሃኑን፣ ስላይዶቹንና ሥዕሉን ይዤ ገባሁ። ሁሉንም አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ከተረፈው ዝቃጭ ቀለም ያልነካው ስላይድ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ይህን ያህል ዘመን የተቀበረ ብናኝ ከመሬት በታች ባለው ሙቀት ይጠቁራል። የኛዎቹ ግን እንደ ውሃ የጠሩ ነበሩ። የዚያው በጋ ብናኞች ናቸው። ቀዩ ቀለም ነው የሸፈነብን።

ስብሰባውን ላዘጋጁት ሰዎች ያን ዕለት ሊጽፉ ተነሡ። ለመንኳቸው። የተረፈውን ድንጋይ እንደገና እንሥራው፣ ምናልባት እውነተኛው ውስጡ ይገኛል፣ አንድ ወር ይስጡኝ አልኩ። ለሳቸው ክብር ብዬ ነበር፤ ለራሴም ፈርቼ ነበር።

"ታሪኩ፣ ዛሬ ከተናገርነው ስህተት ነው" አሉኝ። "ካቆየነው ውሸት ይሆናል።"

ጻፉት። ስህተቱ የላቦራቶሪያቸው እንደሆነ፣ ያገኘሁት ደግሞ እኔ መሆኔን ገለጹ። ስሜን ከስህተቱ አውጥተው ከእርማቱ ላይ ብቻ ሊያኖሩት ሞከሩ፤ የስብሰባው መዝገብ ላይ ግን ሁለታችንም አለን።

የመጣው እንደጠበቅነው ነው። በመምህራን ክበብ የዲላ ዝግባ ደቡብ ዋልታ ደረሰ እየተባለ ተቀለደ። ለጥናቱ ሊሰጥ የታሰበው ገንዘብ ቀረ። አንድ ኃላፊ ዝግባው ይቆረጥ የሚል ሐሳብ አመጡ፤ ዶክተር ዛፉ ምን አደረገ ብለው ተቃወሙና ዳነ። ሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ማይክሮስኮፑ ላይ ሲቀመጡ አላየሁም። ማስተማራቸውን አስተማሩ፣ ዕድሜያቸው ሲደርስ ጡረታ ወጡ። በሽኝታቸው ላይ ስለ ምርምራቸው ማንም አላነሣም። እኔም ንግግር እንዳደርግ ተጠይቄ አልችልም አልኩ።

ዶክተር ዲላን ለቀው አልሄዱም፤ ከገበያው በላይ ባለው ቤታቸው ከእህታቸው ልጅ ጋር ኖሩ። ከቤቴ ሩቅ አይደለም። መጀመሪያ ለበዓል እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። በተቀመጥን ቁጥር ግን ያን ሰሃን ይዤ ስገባ ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ይመጣብኛል። ያንን ዜና ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ። የኔ መምጣት ቁስላቸውን የሚነካባቸው መሰለኝና መሄዴን እያሳነስኩ መጣሁ። በኋላ ጭራሽ ቀረሁ። ወደ ገበያ ስወርድ በደጃቸው ላለማለፍ በመናኸሪያው በኩል መዞር ጀመርኩ። አስቴር ነገሩ ገብቷት ኖሮ፣ ሂድና እያቸው፣ ሰው ናቸው፣ ድንጋይ አይደሉም ትለኝ ነበር። ነገ እላታለሁ። እንዲህ እያልን ስንት በዓል አለፈ።

ላቦራቶሪው ለኔ ቀረ። አስተማርኩ፣ ወረቀት አረምኩ፣ ይርጋጨፌና ሬኮ እየሄድኩ ተማሪዎችን አፈር አስቆፈርኩ። ወደ ሰሜን ተመልሼ ድንጋይ ማምጣት እመኝ ነበር፤ ጊዜና ገንዘብ ሲገናኙ መንገዱ በጦርነቱ ተዘጋ። አንድ ቀን ዕቃ ቤት ስናጸዳ ግን ሻማ የተቀቡት ቁራጮች ከመደርደሪያ ጀርባ ተገኙ። አንዷ ሳትሰነጠቅ፣ ሳትላጥ ቆይታለች።

አሲዱን ለማስገዛት ሁለት ዓመት ያህል ፈጀብኝ። መስኮቱ ያኔ ተሠርቶ ነበር። እኔ ግን ዝግባው ብናኝ የማይለቅበትን ዝናባማ ወቅት ጠበቅሁ፤ ሁሉንም በክዳን ሠራሁ፤ ባዶ ናሙናም ከጎኑ አደረግሁ። ቀለም አልነካሁም።

ባዶው ባዶ ነበር። በድንጋዩ ስላይድ ላይ ግን እንደቆየ ማር የጠቆረ፣ የተጨማደደ፣ ሁለት ጆሮ ያለው ብናኝ ነበር። አንደኛው ጆሮ ተቀድዷል። ሰውነቱ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ሰንበሮች ነበሩት፤ ዝግባ እንዲህ ያለ ሰንበር የለውም፣ ዛሬ በአካባቢያችን የሚበቅል ዛፍም የለውም። ሌላም አገኘሁ፣ ሌላም። ፎቶአቸውን ውጭ አገር ላለ የመስኩ ባለሙያ ላክሁለት። የዚያ ዘመን ዛፍ ብናኝ መሆኑ ጥርጥር እንደሌለው ጻፈልኝ። ጨምሮም፣ በበረዶው ዳር ዛፍ መኖሩ አሁን ብዙ ባለሙያ የሚቀበለው ነገር እንደሆነ በትሕትና ነገረኝ። ዶክተር ትክክል ነበሩ። ትክክል መሆናቸው ሲታወቅ ግን ነገሩ ዜና መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ያን ቀን በመናኸሪያው አልዞርኩም።

በሩን የከፈተችልኝ የእህታቸው ልጅ ናት። ዶክተር ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ቀና አሉ፣ ግን የሚያዩት እኔን አልነበረም። ግላኮማ ዓይናቸውን እንደወሰደው የሰማሁት እዚያ ቆሜ ነው። በአንድ ከተማ እየኖርን ይህን አልሰማሁም፤ ወይም የሚነግረኝን ሰው አልጠየቅሁም። ፎቶውን በእጄ ይዤ ነበር። ኪሴ ከተትኩት።

በድምፄ ለዩኝ። ተቀመጥኩና የሆነውን ሁሉ ተረክሁላቸው። አቋረጡኝ። ቀለሙን ጠየቁኝ፤ ባዶውን ናሙና ጠየቁኝ፤ ድንጋዩ ከየትኛው ንብርብር እንደተቆረጠ ጠየቁኝ። መልሴን ሁሉ ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሰብሰብ ብለው ተቀመጡ። ስለ ግኝቱ ደስታቸውን ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ ያሉኝ ሌላ ነው።

"አዝነህብኝ የቀረህ መስሎኝ ነበር። ገና ስትጀምር ስምህን ከኔ ስህተት ጋር ስላጣበቅሁት። ልጠራህ እያሰብኩ፣ አፈርኩ።"

እኔም እሳቸውን አፍሬ እንደቀረሁ ነገርኳቸው። ሁለታችንም አንዱ የሌላውን ቁስል ላለመንካት ብለን ያን ሁሉ ዓመት በሩን ዘግተን ኖርን። በዚያ ዘመን ውስጥ ዓይናቸው የሚያይበት ብዙ ጊዜ ነበር። ስላይዱን ይዤ ባልመጣም እንኳ፣ ባዶ እጄን ብመጣ ኖሮ አብረን የምናየው ሞልቶ ነበር።

ጽሑፉን አብረን ጻፍነው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ስህተት በዝርዝር እንዲገባ አዘዙ፤ ዝግባውም፣ ካርቶኑም። አጭር ሆኖ በአንድ ትንሽ መጽሔት ወጣ። ሳነብላቸው የራሳቸውን ስም ሲሰሙ ፈገግ አሉ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጊዜ ስላገኘሁ አንድ ነገር አሰብኩ። ገበያ ወርጄ ከሸክላ ሠሪዎች የተቦካ ጭቃ ገዛሁ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ያንን ብናኝ እንደ ብርቱካን አሳድጌ ሠራሁት። አስቴር መጫወቻ መሰላት። ሁለቱን ጆሮዎች፣ የተቀደደውን ሳልጠግን፣ ሰንበሮቹን በቢላ ጫፍ አወጣሁ፤ ሲደርቅ ወሰድኩላቸው።

እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። በመጀመሪያ በሁለት መዳፋቸው ክብደቱን እየለኩ ያዙት። ከዚያ በጣታቸው ከአንዱ ጆሮ ተነሥተው ዞሩት። ሰንበሮቹ ላይ ሲደርሱ ዘገዩ፤ አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። የተቀደደው ጆሮ ላይ ቆሙና ሲደርቅ የተሰበረ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይደለም፣ እንደዚያው ነው ያገኘሁት አልኳቸው። እንደገና ዳሰሱት። ፊታቸው ላይ ማይክሮስኮፕ ስር ሲያዩ የነበረው ትኩረት መጣ። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ በጥንቃቄ አሳረፉትና ባዶውን እጅ ዘረጉልኝ።

"ሌላውንስ?" አሉኝ። "ሌሎችም አሉ ብለኸኝ ነበር፤ ቀጣዩን አምጣው።"

የሠራሁት አንድ ብቻ ነበር።